ሊሞላ የደረሰው መርከብ

የሽርሽር መርከብ የሚያማርጥ የመርሳ ከተማ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ባሕር የላችሁም ብላችሁ አትሳቁ። በጦርነቱ መንገድም ስልክም ተዘግቶ፣ ወልዲያ ያሉ እናታቸው በሕይወት መኖራቸውን እንኳ ማወቅ ሲያቅታቸው፣ የሚኒባስ ሹፌሩ ጋሽ አበራ አሮጌ መጽሔት ላይ በፎቶ ያገኟቸውን ሁለት መርከቦች ሲያወዳድሩ ከረሙ።

«አንደኛው መዋኛም ሲኒማም አለው» አልኳቸው።

«ሰው የለበትማ! ይኸኛውን እይ፤ ሊሞላ ነው፣ ቶሎ ይወጣል።»

«መርከብ እኮ እስኪሞላ አይጠብቅም።»

«ሳይሞላ የሚወጣ ሹፌር እብድ ነው!» ብለው ተቆጡኝ። ሠላሳ ዓመት መሪ ከጨበጠ ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

መንገዱ የተከፈተ ዕለት ሚኒባሳቸውን አስነስተው «ወልዲያ!» ሲሉ ዘልዬ ገባሁ። ከእኔ በቀር ተሳፋሪ አልነበረም።

«እስኪሞላ አንጠብቅም?» አልኳቸው።

ባዶዎቹን ወንበሮች በመስታወት አዩና «ሞልቷል!» ብለው ነዱት።