እስከ ሰባት ቤት

በየሰፈሩ መንግሥት ያልቀጠረው አንድ የዘር መርማሪ አይጠፋም። ደመወዝ የለው፣ ጡረታም አይወጣ። ቦንጋ ውስጥ ይህን ታላቅ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እትዬ ይመኙሻል ነበሩ። አዲስ ሰው ሲያዩ ሰላምታቸው አንድ ነው። "የማን ልጅ ነህ?"

የአባቱን ስም ነግሮ የተገላገለ የመሰለው ተሳስቷል። "እሱስ የማን ልጅ?" እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ። አዲሱን ዳኛ ወደ ችሎት ሲጣደፍ መንገድ ላይ አቁመው አራተኛ ቤት አድርሰውታል። ልጅ የሚድሩ ሰዎች ከቄሱ በፊት እሳቸው ዘንድ ይሄዳሉ። የእሳቸው አያት ከጎጃም ከጦር ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ይህንንም ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

የጤና ረዳቱ አባተ በ1994 ዓ.ም. ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ሲከራይ ይህን ያስጠነቀቀው አልነበረም። አባተ በካፋ ምድር ተንቆና ተገልሎ ከሚኖረው ከማንጆ ወገን ነው። ያደገው ከደካ ወዲያ፣ ጫካው ውስጥ ነው። ወገኖቹ ከሰል አክስለው ገበያ ያወርዳሉ፤ ገዢው ከሰሉን ይወስዳል እንጂ እጃቸውን አይጨብጥም። ማንጆ የጠጣበት ዕቃም ይሰበራል። ሕገ መንግሥቱ ሁላችሁም እኩል ናችሁ ብሏል፤ ኩባያዎቹ ግን አላነበቡትም። ቀድሞ በሌላ ከተማ የተከራየበት ቤት ባለቤቶች ማንነቱን ባወቁ ማግስት ፍራሹን ያገኘው ደጅ ላይ ነው።

ስለዚህ ለእትዬ ይመኙሻል "የዋጫ ሰው ነኝ፣ አያቴም ተሰማ ይባላሉ" አላቸው። በሳምንቱ የአያቱን ስም ደግመው ሲጠይቁት "ወልደ ማርያም" አለ። ክፍሉ ገብቶ ስህተቱ ትዝ ሲለው ላብ አጠመቀው። ከዚያ ወዲህ የፈጠራቸውን አያቶች ወረቀት ላይ ጽፎ በደረት ኪሱ ያዘ። መርፌ ሊወጋ ሲል እንኳ በልቡ ይደግማቸዋል። እትዬ ይመኙሻል ግን ጭራሽ መጠየቅ አቆሙ፤ ይሄ ደግሞ ባሰበት። እሳቸው የሚያቆሙት አጣርተው ሲጨርሱ ነውና ማታ ማታ ፍራሹን እያየ ይጨነቅ ጀመር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት የማኅበሩ ጽዋ እሳቸው ቤት ነበር። ጽዋው አንድ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። አባተ ሥራ አለኝ ብሎ ሊያመልጥ ሲል በር ላይ ይዘው አስቀመጡት። ፊት ለፊቱ ከደካ ማር እያመጡ የሚነግዱት ጋሽ ደምመላሽ ተቀምጠዋል። ትኩር ብለው ሲያዩት ቆዩና ልክ ጽዋው እጁ ሲገባ ተናገሩ።

"ይሄ ልጅ ከአያቱ ጋር ደካ ከሰል ያወርድ የነበረው አይደለም እንዴ?"

አባተ ያን ሁሉ ሸምድዶ ሳለ አንድም ስም አልመጣለት አለ።

"ተሳስተዋል፣ ጋሽ ደምመላሽ" አሉ እትዬ ይመኙሻል። "ይሄ የዋጫው የተሰማ የልጅ ልጅ ነው። ተሰማ የወልደ ማርያም ልጅ ነው። ወልደ ማርያም ደግሞ..." እያሉ፣ አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ ሰባተኛው ቤት አደረሱት።

በዘር ጉዳይ የእሳቸውን ቃል የሚጠራጠር ቦንጋ ውስጥ የለም። ጋሽ ደምመላሽ ይቅርታ ጠየቁ። አባተ ጠጣ። እትዬ ይመኙሻል ጽዋውን ተቀብለው እሱ በጠጣበት በኩል ጠጡ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባተ እንደቆመ ቀረ። "እትዬ፣ መቼ አወቁ?"

"በገባህ በሳምንቱ። ውሃ ስሰጥህ የራስህን ጣሳ ይዘህ ትመጣለህ። እኔ ቤት ብርጭቆ የጠፋ ይመስል።"

"ታዲያ እውነቱን ለምን አልተናገሩም?"

"ጽዋውን ይሰብሩት ነበራ። ጽዋው የእናቴ ነው።"

አባተ ወደዳቸው፤ ተቀየማቸውም። ዛሬ ከውርደት የዳነው የዋጫው ሰው እንጂ እሱ አይደለም። ከሰል ተሸክሞ ያስተማረው አያቱ እዚህ ቤት ስሙም አልተነሳ።

"በሩን ዝጋና ተቀመጥ" አሉት። "በሚካኤል ቀን አስዋሽተኸኛል፤ አሁን እውነቱን ንገረኝ። አባትህ አደሎ መሆኑን ከሥራ ደብዳቤህ ላይ አይቻለሁ። አደሎስ የማን ልጅ ነው?"

አባተ ቦንጋ ከገባ ወዲህ የአያቱን ስም አውጥቶ ጠርቶት አያውቅም።

"የወዳጆ" አለ።

እትዬ ይመኙሻል ሁለት ጣታቸውን አጥፈው ያዙ። "ቀስ ብለህ" አሉት። "ገና አምስት ቤት ይቀረናል።"