የእናቴ ሣጥንና የወንድሜ ጎራዴ

ወንድምና እህት የሚጨቃጨቁበት ነገር አጥተው አያውቁም። ሌላው ሰው መሬት አለው፣ ውርስ አለው፤ ወግ ደርሶት ይጣላል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰሎሞን ግን ስንት ዓመት የተጣላነው፣ በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ያለ የተቆለፈ ሣጥን ቁልፍ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም በሚል ነው። ይሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ያኔ እስቅ ነበር።

ሰሎሞን እዚሁ ከተማችን መሀል፣ አራዳ ላይ ኮምፒውተር ይጠግናል። የሚኖረው ከከተማው ዳር፣ አዘዞ ስለሆነ እሑድ እሑድ ላፕቶፑን ይዞ እኔና እናታችን ወዳለንበት ቤት ይመጣል። ከምሳ በኋላ ጎራዴ የታጠቀ ጀግና ሆኖ በማያውቀው አገር መዞር ይጀምራል። ዋሻ ይገባል፣ ዘንዶ ይገድላል፣ በመጨረሻ የሀብት ሣጥን ያገኛል። ሣጥኑ ተቆልፏል! ቁልፉ የት አለ? መንደር ዳር ከምትቀመጥ አንዲት አሮጊት ዘንድ። ሄዶ ደጇ ላይ መቆም፣ ወሬዋን ሁሉ መስማት፣ ውሃ ቅዳልኝ ካለችም መቅዳት ነው። ሰሎሞን ይህን ጊዜ የጨዋታውን ሠሪዎች ዘር ማንዘር ይራገማል። ዘንዶ የገደለ ሰው ለአንድ የእንጨት ሣጥን አሮጊት ይለማመጣል እንዴ፣ በጎራዴው መትቶ መክፈት ነበረበት ይለኛል። እኔ ደግሞ ቁልፍ የማይፈልግ ሣጥን ምኑን ሣጥን ሆነ፣ ቅርጫት በለው እለዋለሁ። እናታችን ከጓዳ ትሰማናለች። ዘንዶው ሞተ ወይ ብላ ጠይቃ ትስቃለች።

እሷም ሣጥን ነበራት፤ ከትውልድ መንደሯ ከኮሶዬ ስትዳር ይዛው የመጣችው። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ማተቧ ላይ ከመስቀሏ ጋር ታስሯል። ማተብ ደግሞ እንደ ጫማ ማሰሪያ የሚፈታ ነገር አይደለም። ስለዚህ ስኳር ብንፈልግ፣ የክት ልብሳችንን ብንፈልግ፣ ሄደን እሷን መለመን ነበረብን። ትንሽ ታስለምነንና ትነሣለች። ዞር በሉ ትለናለች፤ ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። ተንበርክካ አንገቷን ወደ ጓጉንቸሩ ስታስጠጋ፣ ቁልፉ ቀጭ ሲል እንሰማለን።

ከዚያ እናታችን ሞተች። ይህን በቀልድ የምናገርበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ተዝካሯ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ሰሎሞን ላፕቶፑን ሳይከፍት ተቀመጠና ፊቷ እየጠፋብኝ ነው አለኝ። ዓይኗን አስታውሳለሁ፣ አፏን አስታውሳለሁ፣ ሲገጣጠሙ ግን እሷን አልመስል አሉኝ አለ። እኔም እንደዚያው ሆኜ ነበር፤ አልነገርኩትም እንጂ። ፎቶ መነሣት አትወድም ነበርና ያለችን አንዲት ፎቶ ብቻ ናት፣ እሷም ሣጥኑ ውስጥ። ቁልፉስ? የገነዟትን ሴቶች ጠየቅን። አዎ፣ አንገቷ ላይ ነበር አሉን። ቋጠሮው ከዘመን ብዛት ጠጥሯል፤ ካልቆረጡት አይወጣም፤ የክርስቲያን ማተብ ማን ደፍሮ ይቆርጣል? አብሯት ተቀበረ።

በሳምንቱ ሰሎሞን ዲጂኖ ተሸክሞ መጣ። ጎራዴው መሆኑ ነው። እኔ ሮጬ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። ሊጠይቀን ከኮሶዬ የመጣው የእናታችን ወንድም አያ ወርቁ፣ ምነው ልጄ፣ የእናትህን ሣጥን እንደ ሌባ ትሰብራለህ? ሸጋ አይደለም አለው። ሰሎሞን፣ አያ፣ ቁልፉ እኮ መሬት ውስጥ ነው፣ ምን ላድርግ፣ መቃብሯን ልቆፍር? አለና አለቀሰ። እኔም ከላይ ሆኜ አለቀስኩ። ይህ ሣጥን ያለእሷ ተከፍቶ አያውቅም። ዛሬ ያለእሷ ከተከፈተማ በቃ፣ የእውነት ሞታለች።

ግን ፊቷን እኔም ፈልጌው ነበር። ተነሣሁ።

ሰሎሞን ዲጂኖውን ሊያስገባ ጓጉንቸሩን ያዝ ሲያደርገው፣ ወልቆ እጁ ላይ ቀረ። መልሶ ቢጫነው እንደገና ወለቀ። አያ ወርቁ ተቀብሎ አገላበጠውና፣ ምላሱ አልቋል፣ ዝገቱን እዩት፣ ይኼ ከተበላሸ ስንት ዘመኑ ነው አለን።

ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ስትንበረከክ የኖረችው ምን ልትከፍት ነው? ልመናውስ? ዞር በሉ ማለቷስ? ሌላ ምክንያት ቢፈልጉለት አያገኙለትም፤ እንድንመጣ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ከሆንን በኋላ እንኳ ተነሥተን፣ አጠገቧ ሄደን እንድንጠይቃት።

ፎቶዋ ከላይ ነበረች። ልጅ እግር ሳለች የተነሣችው ነው፤ ቁልፉ ያኔም አንገቷ ላይ አለ። ሰሎሞን አይቶ አይቶ፣ ወደ ቤቷ ትመለስ አለኝና መልሰን ዘጋነው።

ጓጉንቸሩን አልቀየርነውም። ሰሎሞን አሁንም እሑድ እሑድ ይመጣል፤ ምሳ በልቶ እጁን ሲታጠብ፣ እስቲ እባክሽ ክፈቺልኝ ይለኛል። ትንሽ አስለምነዋለሁ። ማተቤ ላይ ያሰርኩት የተጣለ ቁምሣጥን ቁልፍ ነው፤ ከጓጉንቸሩ ቀዳዳ እንኳ አይገባም። ቢሆንም ተንበርክኬ አንገቴን አስጠጋለሁ። ዘንዶ ገዳዩ ወንድሜም ማንም ሳያዘው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።