ለጋሽ ግዛቸው

በአገራችን ማኅበር ካለ፣ ማማረጥ እየወደደ መምረጥ የሚፈራ አንድ ሰው የግድ ውስጡ አለ። እድር በሉት፣ የወላጆች ኮሚቴ በሉት፣ የመንደር ውሃ ጉዳይ በሉት፣ እሱ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ሊቀ መንበሩ ራሱ ነው። በተመረጠበት ቀን እንኳ "እስቲ ሌላም ሰው ይጠቆም" እያለ ሲያመነታ ምሳ ሰዓት የደረሰበት ተሰብሳቢ ሁሉ እጁን አውጥቶለት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቦንጋ ላይ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ግዛቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚረዳ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ "እስቲ ሌላም እንይ" የሚባለው አባባል ሕጋዊ ባለቤት። ምግብ ቤት ሲገቡ አስተናጋጁን "አንተ ብትሆን ምን ትበላለህ?" ይሉታል። "ሽሮ" ካለ "ለምን ሽሮ?" ይከተላል። የመጀመሪያ ልጃቸው ትምህርት ቤት እስክትመዘገብ ድረስ ስም ሳይወጣላት "ሚሚ" እየተባለች ኖረች የሚሉም አሉ፤ ሐሜት ሊሆን ይችላል።

ሔርሜላ ከደብረ ብርሃን መጥታ የማኅበሩ አስተባባሪ ሆና ስትቀጠር ይህን ማንም አልነገራትም። የነገሯት የአረጋውያኑ ማደሪያ ጣሪያ እንደሚያፈስ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ባይነግሯትም ታየው ነበር፤ ቦንጋ ላይ ዝናብ ቤተኛ እንጂ እንግዳ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹም ሌሊቱን አልጋቸውን ከጥግ ጥግ ሲጎትቱ ያነጋሉ። ውጭ አገር ያለ አንድ ደጋፊ ድርጅት ጣሪያውን ሊቀይር ቃል ገባ። የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ "አባሎቻችሁንና ለጋሾቻችሁን በወጉ የሚይዝ ሶፍትዌር ምረጡና ግንቦት ሳያልቅ ዝርዝሩን ላኩልን። ካልሆነ ድጋፉ ለሌላ ማኅበር ያልፋል።"

ምረጡ! ከቃል ሁሉ ለይተው ይህቺን ለጋሽ ግዛቸው ላኩባቸው።

የመጀመሪያው ሶፍትዌር የውጭ አገር ሥሪት ነበር። "የቤተሰብ ስም" ይጠይቃል። ጋሽ ግዛቸው መነጽራቸውን አውልቀው "የማን ቤተሰብ?" አሉ። ሔርሜላ የአባታቸውን ስም ብትሞላው ባለቤታቸውንም በዚያው በእሳቸው አባት ስም መዘገበባቸው፤ "ሚስቴን እህቴ አደረጋት እኮ!" ብለው ኮምፒውተሩን በቁጣ አዩት። ሁለተኛውን የቦንጋ ኮሌጅ መምህር የሆነው ኢያሱ በነጻ ሊሰጣቸው መጣ። "ነጻ ከሆነ አንድ ነገር አለበት" አሉና ኢያሱን ቡና ጋብዘው ሸኙት። ሦስተኛውን አዲስ አበባ ያለ ሳምሶን የሚባል ወጣት በስልክ አስተዋወቃቸው። ስሙ "ሰናይ" ነው፣ በአማርኛ ይሠራል፣ ለአባላት የስልክ መልእክት ይልካል፣ ዳታው ደግሞ ክላውድ ላይ ይቀመጣል።

"ደመና ላይ ማለትህ ነው?" አሉ ጋሽ ግዛቸው።

"እንደዚያ ነው የሚባለው፣ ጋሽዬ።"

በመስኮቱ ወደ ቦንጋ ሰማይ ተመለከቱ። "የእኛ ደመና ማፍሰስ እንጂ ማስቀመጥ አያውቅም። እስቲ ሌላም እንይ።"

ሌላም ታየ። ሌላም ታየ። ሔርሜላ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ሠራች፤ እሳቸው ሠንጠረዡን የሚያነጻጽር ሌላ ሠንጠረዥ አዘዙ። አባል፣ ተባባሪ አባል፣ የክብር አባል፣ ደጋፊ፣ ለጋሽ... ቃላቱ ሁሉ ተምታተውባት፣ አንድ ቀን ሱቅ ገብታ "የክብር ሳሙና ስጠኝ" ብላ ወጣች። ልትቆጣቸው ስትነሳ "አይዞሽ ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይሏታል። ቁጣዋም ይጠፋባታል።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ጋሽ ግዛቸው ለቅሶ ሊደርሱ ወደ ደካ ሄዱ። ኔትወርክ የለም፤ ስልካቸው አይሠራም። ሳምሶን ደወለ፦ "ዛሬ ካልተጀመረ አይደርስም።" ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ሔርሜላ ተነፈሰችና "በቃ፣ ሰናይ ይሁን" አለች። የማኅበሩን የቆየ የኤክሴል ዝርዝር ላከችለት።

"ተረጂዎቹና ለጋሾቹ ተደባልቀዋል እኮ" አለ ሳምሶን። "በምን ልለያቸው?"

"'ለጋሽ' የሚለውን ፈልግ።"

ፈለገ። አገኘ። ከጠበቀው በላይ ብዙ ስላገኘ ደስ አለው።

እዚህ ላይ አንባቢ ጉዱን ይወቅ። ዝርዝሩን የጻፈው የቀድሞው ጸሐፊ፣ እርዳታ ለወሰደ ሽማግሌ "ለጋሽ አብርሃም፣ ብርድ ልብስ" ብሎ መዝግቧል፤ ለጋሽ አብርሃም ተሰጠ ማለቱ ነው። ለሰጠ ሰው ደግሞ "ጋሽ ጃፈር፣ በቆሎ" ብሎ አልፏል። ሳምሶን ስሙ በ"ለጋሽ" የጀመረውን ሁሉ ለጋሽ፣ የቀረውን ሁሉ ተረጂ አደረገው። ከተቀባዮቹ በትክክል የተመዘገቡት እንደ እትዬ አልጋነሽ ያሉት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱን ደግሞ "ጋሽ" የሚላቸው የለም። ሰናይም እንደተባለው ትጉህ ነበርና በዚያው ምሽት ለሁሉም መልእክቱን ላከ።

በነጋታው ቢሮውን የከፈተችው ሔርሜላ በረንዳው ላይ ጋሽ ጃፈርን አገኘች። ሺሺንዳ ላይ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ከማኅበሩ በቆሎ የሚበዛው ከእሳቸው የሚመጣ ነው። እጃቸው ላይ ባዶ ማዳበሪያ ይዘዋል።

"ይኸው መጣሁ" አሉ። "'የተመደበልዎትን በቆሎ ማዳበሪያ ይዘው መጥተው ይውሰዱ' ይላል። እኔ ጃፈር! ሱቄ ተቃጠለ የሚል ወሬ ሰማችሁ እንዴ? ሚስቴ አንብባው ጎረቤት ሳይሰማ ብላ በር ዘጋች።"

"ጋሽ ጃፈር፣ በእግዜር... ስህተት ነው፣ ሲስተሙ..."

ሲስተሙ ምን እንዳደረገ እሷም ገና አልገባትም። ልታስረዳ ስትደናበር ከማደሪያው ወገን ጋሽ አብርሃም መጡ። በማኅበሩ ማደሪያ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ አንድ እንስራ የምታህል ቅል በሁለት እጃቸው አቅፈዋል።

"መልእክቱን አስነበብኩት" አሉ፣ ቃል በቃል ይዘውታል፦ "'ውድ ለጋሻችን አብርሃም፣ ስለ ልግስናዎ ማኅበሩ ከልብ ያመሰግንዎታል።' እውነት ለመናገር መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ምን ሰጥቼ? ኋላ ሳስበው ገባኝ። ቢታ ገነት ጫካ ውስጥ የእህቴ ልጅ የሚጠብቅልኝ ቀፎ አለኝ። ምስጋናው ቀድሞ ደረሰ፤ ማሩ ነው የዘገየው።"

ቅሉን ዘረጉላት። ሔርሜላ ስህተት መሆኑን ልትነግራቸው ብላ ተወችው። ጋሽ ጃፈርም ማዳበሪያቸውን ቀስ አድርገው አጠፉና ከኋላቸው ደበቁት። ሔርሜላ እንደዚያ ቀን አፍራም፣ ግራ ተጋብታም አታውቅም።

ጋሽ ግዛቸው ከደካ የመጡት ይኼኔ ነው፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ሔርሜላ ጥግ ወስዳ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻቸው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እስኪሏት ጠበቀች፤ ቢሏትም ይገባታል። አላሏትም። ወደ ጋሽ አብርሃም ሄደው ማሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ጎንበስ ብለው "ማኅበሩ ያመሰግናል" አሉ። ከዚያ ስልክ ለሳምሶን።

"አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ" አለ ሳምሶን። "አብርሃም የሚባሉት ለጋሽ ናቸው ወይስ ተረጂ? ሲስተሙ አንዱን ነው የሚቀበለው።"

ሔርሜላ ዓይኗን ጨፈነች። ይህ ጥያቄ ጳጉሜን ድረስ የሚወስድ ጥያቄ ነው። ጣሪያው ከእጃቸው ወጣ ማለት ነው።

"ሁለቱንም" አሉ ጋሽ ግዛቸው።

"አይቻልም፣ ጋሽዬ። መምረጥ አለብዎት።"

"እንግዲያው ሁለቱንም ቃል አጥፋቸው። አብርሃምም አባል፣ ጃፈርም አባል። የሰጠው ይጻፍ፣ የወሰደውም ይጻፍ፤ ሰው ስም ላይ ግን 'ተረጂ' የምትል ነገር እንዳትለጥፍብኝ። ዝርዝሩም ዛሬ ይላክ።"

"ዛሬ" ሲሉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ስልኩን ከዘጉ በኋላ መቀመጫ ፈልገው ተቀመጡ። "አባቴ" አሉ፣ ጋሽ ጃፈር እንዳይሰሙ ዝቅ አድርገው፣ "በድርቁ ጊዜ ስሙ ገበያ መሃል ከተረጂዎች ጋር ተለጥፎ አየው። ከዚያ ወዲያ ገበያ አልወጣም። የተጻፈ ነገር መቼ ይለቃል ብለሽ ነው?"  ያን ሁሉ 'እስቲ ሌላም እንይ' ስንፍና ብላ መቁጠሯ ሔርሜላን ቆጫት፤ ከሁሉም በላይ እሳቸው አሳዘኗት።

ዝርዝሩ በጊዜው ተላከ። ደጋፊ ድርጅቱ "ሁሉም አባል ከሆነ የሚረዳው ማነው?" ብሎ ጻፈ፤ ማን ምን እንደሰጠና ማን ምን እንደወሰደ ተያይዞ ሲደርሰው ግን ተቀበለ። ቆርቆሮው ቦንጋ ገብቷል፤ የቆርቆሮው ቀለም አረንጓዴ ይሁን ቀይ የሚለው ግን ይህ እስኪጻፍ ድረስ በጥናት ላይ ነው። አናጺው መሰላሉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

በዚያ ሳምንት ሰናይ ለአባላቱ ሁሉ እንደገና መልእክት ላከ። የሔርሜላም ስልክ ጮኸ፦ "ውድ አባላችን ሔርሜላ፣ ማኅበርዎ ያመሰግንዎታል።" ቅጥረኛ ነች እንጂ አባል አይደለችም፤ ስሟንም አላስገባችም። ሌላ ስህተት መጣ ብላ ተርበትብታ ለሳምሶን ደወለች።

"ስህተት አይደለም" አለ እየሳቀ። "ያን ዕለት ከአንቺ ጋር ካወሩ በኋላ ጋሽ ግዛቸው መልሰው ደውለው ነበር። 'ከሁሉ በፊት የልጃችንን ስም አስገባ' አሉኝ። 'እርግጠኛ ነዎት? ከኮሚቴው ጋር አይመክሩም?' ብላቸው ተቆጡኝ።"