ኤሊው የማይነቃነቀውን ነጥብ ያነቃነቀበት ዜና

የምድር ልኬት ቢሮ ባለሙያ የሆነው፣ ባልደረቦቹ አካሄዱን አይተው ኤሊው ያሉት፣ ታጋሽ ወመዋዒ፣ ሥዩመ ኮምፒውተር፣ በቢሮው በተቀጠረ በአሥራ አንደኛው ዓመት፤ የሥራ አስኪያጁ ዘመነ ሹመት ሰባት ዓመት በሞላው፤ የሁለተኛው ፎቅ ቧንቧ መንጠባጠብ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፤ ምድርም በረፋድ ለአርባ ሰከንድ ተንቀጥቅጣ በየቤቱ ያለ ብርጭቆ ሁሉ ከመደርደሪያው በወረደ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከዚህ በታች የተጻፈው ታላቅ ሥራ ተሠራ። ይህችንም ዜና የቢሮው መዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ ያየችውን ሳትቀንስ፣ የሰማችውንም ብዙ ሳትጨምር ጻፈችው።

በዚያ መንቀጥቀጥ በታችኛው ሰፈር ግድግዳዎች ተሰነጠቁ፤ መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰቦችም ከሥራቸው ያለው መሬት መውረድ አለመውረዱ እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤታቸው እንዳይገቡ ታዘዘ። ከእነዚህም አንዷ የኤሊው አማት ነበሩ። አማቲቱም ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ የአበባ ማሰሮና ክንዱ የተላጠ አንድ አሮጌ ወንበር አስጭነው በኤሊው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሰፈሩ። በመጀመሪያው ቀን ወንበሩን በመስኮቱ አጠገብ አኖሩ፤ በሦስተኛው ቀን ቁም ሣጥኑን አዞሩ፤ በሰባተኛው ቀን የኤሊውን ጫማዎች ከአልጋ ሥር አውጥተው በረንዳ ላይ አሰለፉ፤ በአሥረኛው ቀን ኤሊው ካልሲውን ፍለጋ አማቱን የሚያስፈቅድ ሰው ሆነ። በሃያ ሦስተኛውም ቀን፣ ገና ቁርስ ሳይነሣ፣ ከወንበራቸው ሆነው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙኝ! እኔ ልጄን ነው የዳርኩት እንጂ ራሴን አብሬ አልዳርኩም። ይኸው ሃያ ሦስት ቀን እንግዳ ተብዬ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ፤ ሻይ እንኳ ላፍላ ስል ‹እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ› እባላለሁ። ያ ሰማይ ላይ የሰቀላችሁት ዕቃ ዓይኑ ከደከመ መነጽር ግዙለት! አንተም ልጄ፣ ወይ ቤትዎ ደኅና ነው በለኝና ልሂድ፤ ወይ አለቀለት በለኝና አልቅሼ ይውጣልኝ። መሃል ላይ አታንጠልጥለኝ፤ እኔ ልብስ አይደለሁም!»

ኤሊውም ይህን አዋጅ ቆሞ ሰማ፤ ሻዩንም ሳይጨርስ ወደ ቢሮ ሄደ፤ ያን ቀንም ትንሽ ፈጥኖ እንደ ሄደ የጎረቤት ሰዎች ይመሰክራሉ።

በሰማይ የተሰቀለው ዕቃ ሳተላይት ነው፤ በየአሥራ ሁለት ቀኑ በከተማይቱ አናት ላይ እያለፈ፣ ደመናም ጨለማም ሳያግደው፣ የራዳር ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ ነጥሮ የተመለሰውንም ይቀበላል። ከመንቀጥቀጡ በፊት የተቀበለውንና በኋላ የተቀበለውን ያስተያዩ እንደሆነ፣ መሬቱ በመካከሉ ስንት እንደ ወረደ ወይም ስንት እንደ ወጣ ይታወቃል፤ በካርታውም ላይ እንደ ቀስተ ደመና ሆኖ ይታያል፤ አንድ ዙር ቀለም ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ይህ ጥበብ አንድ ገመና አለው። ልኬቱ ሁሉ የሚጀምረው «ይህ አልተነቃነቀም» ተብሎ ከተመረጠ አንድ ነጥብ ነው። በመናኸሪያ የራሱ አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲንሸራተት የጎረቤቱ አውቶቡስ ወደ ፊት የሄደ የሚመስለው ሰው ይህን ያውቃል፤ ነጥቡ ራሱ ከወረደ፣ አገር ሁሉ የወጣ ይመስላል።

ወበይእቲ ዓመት የቢሮው ሥራ አስኪያጅ፣ ስመ መንግሥታቸው ዘኢያንቀለቅል፣ ትርጓሜውም የማይነቃነቀው፣ ገና መንቀጥቀጡ ጋብ እንዳለ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከጠፋ ጃንጥላ ማስታወቂያ አጠገብ፣ ይህን አዋጅ ለጥፈው ነበር፦

«ለሠራተኞች በሙሉ! የልኬቱ መነሻ ነጥብ የኔ ግቢ ይሁን። ቤቴን ያሠራሁት በአለት ላይ ነው፤ መሠረቱን ሲጥሉ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ። በመንቀጥቀጡ ጊዜ ሳሎኔ ተቀምጬ ነበር፤ እኔ አልተነሣሁም፤ ቤቱም አልተነሣም። ጥያቄ ያለው ቢሮዬ ይምጣ፤ ባይመጣ ግን ይሻለዋል።»

የመጣም አልነበረም። በዚህ ነጥብ የተሠራው ካርታም ከተማይቱ በሙሉ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ወደ ላይ መውጣቷን አሳየ፦ ሆስፒታሉ ወጣ፣ መናኸሪያው ወጣ፣ ዳቦ ቤቱ ወጣ፣ ቢሮውም የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ይዞ ወጣ፤ የማይነቃነቀው ግቢ ብቻ በቦታው ቀረ። የከተማው ኮሚቴ ደግሞ ከአምስት ሳንቲሜትር በላይ የተንቀሳቀሰ መሬት ቀይ ይቀባ፣ ከቀዩ የወጣም ለአንድ ዓመት አይመለስ ብሎ ወስኖ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ካርታውን አይተው እጅግ ደስ አላቸው፤ በመተላለፊያውም ሲያልፉ «ከተማው ተነሥቷል፤ እኔ ግን ባለሁበት ነኝ!» ብለው አወጁ። ካርታውም አማቲቱ አዋጅ ባስነገሩበት በዚያው በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ በዘጠኝ ሰዓት ለኮሚቴው እንዲደርስ ታዘዘ። ስለዚህ ሰዓቱ ዘጠኝ ሲሆን የመቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ በር ለአንድ ዓመት ሊዘጋ፣ የኤሊውም ካልሲ ለአንድ ዓመት በአማቱ ሥልጣን ሥር ሊቀር ነው።

ኤሊው ወደ ዙፋኑ ወጣ፤ ዙፋኑም ከአምስት ጎማዎቹ አንዱ የጠፋበት ወንበር ነው። ሠራዊቱም እነዚህ ነበሩ፦ በፕላስተር የተጠቀለለ ማውዝ፤ አንድ ፊደሉ የወለቀ የቁልፍ ሰሌዳ፤ መብራት ሲጠፋ እንደ ሕፃን የሚያለቅስ ባትሪ፤ ከጥዋት እስከ ማታ አንገቱን እየነቀነቀ «አይሆንም» የሚል ቬንቲሌተር። ኤሊውም ከእነዚህ ጋር ሆኖ በስውር ነጥቡን ከግቢው አንሥቶ በከተማይቱ ዙሪያ በአሥራ ስድስት ቦታዎች እየተከለ ሞከረ። አሥራ ስድስቱም ምስክሮች አንድ ቃል ተናገሩ፤ ከተማይቱ አልተነሣችም፤ የወረደው አንድ ግቢ ነው። የቀስተ ደመናውም ቀለበቶች ሦስት ሆነው፣ ተደራርበው፣ በአለት ላይ የታነጸውን ቤት እንደ ዘንዶ ተጠምጥመውበት ተገኙ።

ወእምዝ ኤሊው ልቡ ከበደው። አለቃን ቤትዎ ሰጥሟል ማለት ቀላል ነገር አይደለምና። ከእሱ በፊት ለአለቃው «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ያለ አንድ ባለሙያ ዛሬም ምድር ቤት የቆዩ ካርታዎች ይቆጥራል።

ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ለምሳ አንድ ሰዓት ሲቀር፣ የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ወደ ጥገና ክፍል ደወሉ፤ ድምፃቸውም ከስልኩ አልፎ እስከ መዝገብ ቤት ተሰማ፦

«ያን አናጢ አሁኑኑ ላኩልኝ! የሳሎኔ በር አልዘጋ ካለ ሃያ ቀን አለፈው፤ የማድ ቤቱ ደግሞ ተዘግቶ አልከፈት አለ። እኔ በገዛ ቤቴ በመስኮት እየተቀባበልኩ ነው የምበላው!»

አናጢው ይህን ሲሰማ መላጊያውን መሬት ላይ አስቀምጦ የራሱን አዋጅ አወጀ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ያን በር ሦስቴ ልጌዋለሁ፤ አራተኛ ብልገው መስኮት ይሆናል። በሩ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሌላ ነው፤ እኔ ደግሞ የእንጨት ሐኪም ነኝ!»

የአናጢው ቃል ለኤሊው በጭንቅ ሰዓት እንደ ደረሰ ረዳት ጦር ሆነለት። ወዲያው ተነሣ፤ ከአናጢው ሣጥንም ውሃ ልክ የተባለውን፣ በብርጭቆ ቱቦው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ የታሰረችበትን መሣሪያ አወጣ፤ ዘመቻም ሆነ። በፊት መላጊያውን የያዘው አናጢ ሄደ፤ ቀጥሎ ውሃ ልኩን እንደ በትረ መንግሥት የያዘው ኤሊው፤ ከእሱም ቀጥላ ደብተሯን የያዘችው ጸሐፊ፤ በመጨረሻም ማንም ሳይጠራው የተከተለው የጥበቃው ውሻ፣ እሱም ከታክሲው በር ላይ ተመለሰ።

ከሥራ አስኪያጁ ግቢም ደርሰው በሳሎኑ ደፍ ላይ ውሃ ልኩን አኖሩ። አረፋዋም እንደ ፈሪ ወታደር ወደ አንድ ዳር ሸሸች። በማድ ቤቱ ደፍ ላይ አኖሩት፤ ሸሸች። በመኝታ ቤቱ፣ በመስኮቱ ደፍ፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ወደዚያው ሸሸች። ኤሊውም አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ኃይሉ በዝምታው ነበርና። እመቤቲቱ ግን አረፋዋን አዩ፤ ኤሊውንም አዩ፤ ባላቸው ስለ ነጥቡና ስለ ካርታው ሲፎክሩ ሰምተው ነበርና፣ ስልካቸውን አንሥተው ለማይነቃነቀው ባላቸው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አንተ ሰውዬ! ይሄ ቦታ ገደል አልነበረም? ከየቦታው አፈር አስጭነህ ሞልተህ አለት ነው አላልከኝም? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ! አንተ ዝቅ ብለህ አገሩን ሁሉ ወጣ አልከው! በል ያን ነጥብህን ከግቢዬ አንሣልኝ፤ እስከ ምሳ ካልተነሣ ተነሥቼ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ያኔ ማን እንደሚነቃነቅ እናያለን!»

ዘመቻውም በድል ሲመለስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሥራ አስኪያጁ አዲስ አዋጅ ተለጥፎ ተገኘ፤ «ከዛሬ ጀምሮ የመነሻው ነጥብ ባለሙያው በፈቀደው ቦታ ይሁን። ይህን ቀድሞም ያሰብኩት እኔ ነኝ» ይላል።

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር። ኤሊው ከአሥራ ስድስቱ ምስክሮች የታመነውን መረጠ፤ እርሱም ከከተማይቱ በላይ፣ በኮረብታው አለት ላይ ያለው የመቃብር ቦታ ነው። በዚያ ማንም አያርስም፣ ማንም አያንጽም፣ ዕቃም የሚያዞር የለም፤ ድንጋዮቹም የሳተላይቱን ሞገድ ዓመት እስከ ዓመት ሳይለውጡ ይመልሳሉ። ጸሐፊዋ ቦታውን ታውቀዋለች፤ ከአራት ዓመት ወዲህ በየእሑዱ ስለምትሄድ፣ ምንም እንዳልተነቃነቀ ልትመሰክር ትችላለች።

ወእምዝ ኤሊው ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ በፕላስተር የተጠቀለለውን ማውዝ ጨበጠ፤ ጠቋሚውንም በኮረብታው ላይ አቆመ፤ ቬንቲሌተሩ «አይሆንም» ሲል፣ ባትሪው ሲያለቅስ፣ ቧንቧው ሲንጠባጠብ፣ አመልካች ጣቱን አንድ ጊዜ ዝቅ አደረገ። ጠቅም አለ። ከተማይቱም በሙሉ፣ ሆስፒታሉና ዳቦ ቤቱ፣ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ወርዳ ወደ ጥንተ ቦታዋ ተመለሰች፤ አንድ ሰው እንኳ አልተሰናከለም፣ አንድ ብርጭቆ አልተሰበረም። የታችኛው ሰፈር መውረድም አንድ ሳንቲሜትር የማይሞላ ሆኖ ተገኘ። ኮሚቴው በዘጠኝ ሰዓት ካርታውን አየ፤ መሐንዲሶቹም ግድግዳዎቹን ቀድመው መርምረው ነበርና፣ በአሥር ሰዓት መቶ አሥራ ሁለቱ ቤተሰቦች ይመለሱ ተባለ። የማይነቃነቀው ሰው በዚያው ሳምንት እቃቸውን ጭነው ወደ አማታቸው ቤት ገቡ፤ ዜናው ከዚህ በላይ ስለ እሳቸው አይናገርም።

በማግሥቱ ጥዋት አማቲቱ ወደ ቤታቸው ገቡ። ኤሊ ቤቱን በጀርባው ይሸከማል ይባላል፤ ይህ ኤሊ ግን የአማቱን ወንበር ተሸክሞ ከኋላቸው አዘገመ። በመንገድም መነሻው ነጥብ የት እንደ ተተከለ ጠየቁት፤ ነገራቸው። አማቲቱ ቆሙ፤ ኮረብታውንም አንጋጠው አዩ፤ ከዚያ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ አወጁ፦

«እሰይ! የኔ ሰውዬም እዚያው ነው። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ‹ተነሥና ያን በር አስተካክልልኝ› ስለው አንድ ቀን ከዚህ ወንበር ተነሥቶ አያውቅም። እኔም ስሰድበው ኖርኩ። ይኸው፣ አለመነሣቱ ለአገር ተረፈ!»

ከዚያም ቤታቸው ደረሱ። በሩን ገፉት፤ አልከፈት አለ። በትከሻቸው ገፉት፤ አልከፈት አለ። ወገባቸውን አዙረው፣ አርባ ዓመት እንደሚያደርጉት፣ በዳሌያቸው አንድ ጊዜ መቱት፤ ተከፈተ። ገብተውም ከውስጥ ሊዘጉት ገፉት፤ አልዘጋ አለ፤ በዳሌያቸው መቱት፤ ተዘጋ። ኤሊው ወንበሩን ተሸክሞ ውጭ ቆሞ ሳለ የመጨረሻው አዋጅ ከበሩ ኋላ ተሰማ፦

«አልተነቃነቀም! ሰውዬው እንደ ተወው ነው!»

ኤሊውም በሩን አላንኳኳም፤ እስኪከፍቱለት ድረስ ወንበሩን በጀርባው እንደ ተሸከመ ቆመ፤ እሱ መቆም ያውቅበታልና።

እነሆ ኤሊው፣ ጦር ሳይሰብቅ፣ ቃል ሳያበዛ፣ በአንዲት ጣት ከተማን አውርዶ በቦታዋ ያሳረፈ፤ አለቃን ያነቃነቀ፣ አማትን ወደ ቤታቸው ያስገባ። ካልሲውን ሳያስፈቅድ ያግኝ፤ ወንበሩም አምስተኛ ጎማውን ያግኝ። ከማይነሡት ተነሥቶ፣ ለቀሩት ቤታቸውን መልሶላቸዋልና።