ከዋንዛው በስተግራ

በዚህ አገር በሐምሌ ጉድጓድ የሚቆፍር ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ሰው የሞተበትና የተማረ! ሰው የሞተበትስ ጎረቤት ያግዘዋል፣ እድርተኛ ድንኳን ይተክልለታል፣ ቀብሮ ሲመለስም እጁን ታጥቦ፣ ንፍሮውን ቅሞ ቤቱ ይገባል። የተማረው ግን... ተዉት!

እኔ ከሁለተኛዎቹ ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሙያዬ አርኪዮሎጂ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣና ዳር ባለች አንዲት መንደር ተማሪዎችን ቁፋሮ ለሚያስተምሩ ዶክተር ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ እንጀራዬ ናቸው። "ምነው በክረምት?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር።

"በመላው ዓለም የመስክ ትምህርት የሚሰጠው በሐምሌ ነው" አሉኝ።

"እነሱ ዘንድ እኮ ሐምሌ ፀሐይ ነው፣ ዶክተር።"

"ሳይንስ በአየር ጠባይ አይወሰንም!"

አይወሰንም! እናላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት ጉድጓዳችንን ጢም ብሎ ሞልቶ እናገኘዋለን። ከአዲስ አበባ የመጡት ተማሪዎች ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በባልዲ እየቀዱ ወደ ጣና ይደፋሉ። ጣናም የሰው ገንዘብ አልወድም ብሎ በዝናብ ይመልስላቸዋል። አንዱማ እንቁራሪት ይዞ ፎቶ ተነሣ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያገኘነው እሷኑ ነበር።

ባለቤቴ እናኑ በዚህ ሥራዬ ላይ ያላት አስተያየት ከተጋባን ጀምሮ አልተለወጠም። የኩሽናችን ጣሪያ ያፈሳል። በዘነበ ቁጥር ድስቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ይደረደራል፤ ወጥ የሚሠራበት ድስት ይጠፋል።

"የሰው ባል ከሥራ ሲመለስ ሙዝ እንኳ ይይዛል፤ አንተ ጭቃ ይዘህ ትመጣለህ! እስቲ አንድ ቀን ከዚያ ጉድጓድ ለዚህ ቤት የሚሆን ነገር አውጣ!"

"ቅርስ የሕዝብ ነው፣ እናኑ።"

"ጭቃውስ?"

ዘንድሮ ታዲያ ነገሩ ከረረ። ገና በመጀመሪያው ቀን ዶክተር ሰው ሰብስበው፣ "አምና ባዶ እጃችንን ተመለስን። ዘንድሮም ምንም ካላገኘን፣ ከርሞ ጎርጎራ ነው!" አሉ። ጎርጎራ ከጣና ወዲያ ማዶ ነው። እዚያ ከሄዱ ረዳት የሚቀጥሩት ከጎንደር ነው እንጂ እኔን በጀልባ አያመላልሱኝም። ሥራዬ አለቀ ማለት ነው። ክረምቱን ሙሉ እናኑ ፊት ቁጭ ብዬ ድስት ስደፋ ታየኝ።

ስለዚህ ቦታ ስንመርጥ ተጠነቀቅን። አምና የቆፈርነው ሜዳው ላይ ካለው ትልቅ የዋንዛ ዛፍ በስተግራ ነበር። ለምልክት የተከልናቸው ብረቶች የሉም፤ ሜዳ ላይ ብረት ተክሎ የሚሄድ ሞኝ ካለ፣ ነቅሎ ጥጃ የሚያስርበት ብልህ አይጠፋም። ሣሩም ወገብ ድረስ አድጎ ሁሉን ሸፍኖታል።

"ችግር የለም" አሉ ዶክተር። "አምና በስተግራ፣ ዘንድሮ በስተቀኝ!"

በስተቀኝ ቆፈርን። አፈሩ ምን የመሰለ ለስላሳ! አካፋው ያለ ድካም ይገባል። ዶክተር ተንበርክከው አንድ እፍኝ አነሡ፣ አሸተቱ፣ ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

"ይህ አፈር ተነክቷል! የሰው እጅ አለበት!"

ከተማሪዎቹ ሁሉ የምትተጋው ትዕግሥት፣ "ስንት ዓመት ይሆነዋል፣ ዶክተር?" አለች።

"ሺህ ከማለት አትፍሪ!"

አልፈራችም። እኔም አልፈራሁ፤ በልቤ ጎርጎራን ደህና ሁኚ አልኋት።

ዶክተር ደግሞ ከሥር ያለው ነገር በእንግዶች ፊት ካልወጣ ብለው ድርቅ አሉ። ቅዳሜ ዕለት፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ድንኳን ተተከለ፤ በግ ታረደ። ከከተማ ሹማምንት መጡ፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች መጡ፤ በአቅራቢያው ካለው ደብር መሪጌታ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ዶክተር ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔ በጉ እስኪበስል ድረስ ተናገሩ። ከዚያ ትዕግሥት ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ቀስ እያለች መጫር ጀመረች።

"ዶክተር... ሰማያዊ ነገር አለ።"

"ዶቃ ነው! ዶቃ! የጥንት ነጋዴዎች!"

"ዶቃ አይመስልም... ሰፊ ነው።"

"የመኳንንት ልብስ!"

"ዶክተር፣ ፕላስቲክ ነው።"

ዝናቡ እንኳ ቀጥ አለ። የኛ ሙያ አንድ ደግ ሥርዓት አለው፤ የቆፈርነውን ጉድጓድ መልሰን ስንደፍን ወለሉ ላይ የፕላስቲክ ሸራ እናነጥፋለን። ኋላ የሚመጣ ቆፋሪ "እዚህ ሰው ደርሶበታል" ብሎ በከንቱ እንዳይደክም ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥጉ ላይ የተቀደደውን በሽቦ የሰፋሁት እኔው ራሴ ነኝ!

ያኔ በራልኝ። አምና የመጣነው በጀልባ፣ በባሕሩ በኩል ነው። ዘንድሮ ማዕበሉን ፈርተን በመኪና፣ በመንገዱ በኩል ገባን። ዋንዛው ያው ዋንዛ ነው፤ የዞርነው እኛ ነን! የአምናው ግራ የዘንድሮ ቀኝ ሆኖ፣ የገዛ አፈራችንን አሽትተን ሺህ ዓመት ሰጠነው። ቀኝና ግራውን ያልለየ ሕፃን ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ ሕፃኑ ዶክትሬትም ይይዛል!

መሪጌታ በጃንጥላቸው ጫፍ ወደ ሸራው አመለከቱ።

"ዶክተር፣ ለመሆኑ ይህ መቼ የተቀበረ ነው?"

ዶክተር ባርኔጣቸውን ማስተካከል ያዙ።

"አምና ሐምሌ ነው፣ መሪጌታ" አልሁ እኔ፤ ምላሴን ይቁረጠውና!

"እንግዲያማ ሙት ዓመቱ ነዋ! በጉ በከንቱ አልታረደም። በሉ፣ ነፍስ ይማር!"

"ነፍስ ይማር!" አለ ሕዝቡ፤ ወደ ድንኳኑም ገባ።

ዶክተር ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። ጥብሱ ሲቀርብ ተነሥተው፣ "ይህ ለተማሪዎቻችን ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ፈተና ነበር፤ አልፈዋል!" አሉ። ተጨበጨበላቸው! ትዕግሥት ብቻ አላጨበጨበችም፤ አጥንቷን እየጋጠች ትክ ብላ ታያቸው ነበር። እንግዶቹ ሲሸኙ ዶክተር እኔን ገለል አደረጉኝ።

"ከርሞ ጎርጎራ ነው።"

"ዶክተር፣ አንድ ክረምት ብቻ ይስጡኝ! ዘንድሮ የቆፈርነው በስተቀኝ ነው። ከዋንዛው በስተግራ ያለውን ማን አየው?"

አሰቡ፣ አሰቡና፣ "እውነትህን ነው" አሉ። "ከርሞ በስተግራ! ግን ይህ መንገድ ወገቤን ጨርሶታል፤ የምንመጣው በጀልባ ነው።"

በጀልባ... በስተግራ... አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ዝም አይነቅዝም!

"እሺ፣ ዶክተር።"

"ጉድጓዱን አስደፍነው። ሸራውን እንዳትረሳ!"

አልረሳሁትም።

ይህን ስጽፍላችሁ ውጭው ይዘንባል። ድስቶቹ ሁሉ መደርደሪያቸው ላይ ናቸው፤ ኩሽናው ውስጥ ጠብ የሚል ነገር የለም። እናኑ ወጣ ብላ ጣሪያው ላይ የተወጠረውን ሰማያዊ ሸራ አየችው፤ በሽቦ የተሰፋው ጥጉ ወደ በሩ ዞሯል። ተመልሳ አጠገቤ ቆመች።

"አሁን ገና የተማረ ሰው አገባሁ!" አለችኝ።