ለሶስና ኮምፒውተር ሦስተኛ ማዘርቦርድ ለመምረጥ የተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቅዳሜ የካቲት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ለቀኑ 8፡00 ተጠርቶ 8፡50 ተጀመረ። ቦታው ዳንግላ፣ የአቶ ይሄይስ ቤት ሳሎን ነው።

የተገኙ፦
አቶ ይሄይስ፣ አባወራ፣ ጡረተኛ፤ በሥራ ዘመናቸው ለ27 ዓመት የግዥ ኮሚቴ የመሩ — ሰብሳቢ
ወ/ሮ እናትነሽ፣ ባለቤታቸው — አባል
አቶ ባንተአምላክ፣ የወ/ሮ እናትነሽ ወንድም፤ በዚሁ ግቢ ብየዳ ቤት ያላቸው — አባል
አቶ ኪዳኑ፣ ጎረቤት፣ ባለጋሪ — የቴክኒክ አባል፤ የኮምፒውተር ዕቃ ከመናኸሪያ ወደ ሱቅ ለ11 ዓመት ያመላለሱ በመሆናቸው የተመረጡ
ሶስና ይሄይስ፣ ልጅ፣ የኮምፒውተሩ ባለቤት — ጸሐፊ፤ የኮምፒውተር ሙያ የተማረች ብትሆንም የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ድምፅ ያልተሰጣት

ድምፅ ያላቸው አራቱም በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው ሰው በድጋሚ እንዲቆጠር አዘው አራት ሆኖ ተገኝቷል።

ጸሐፊዋ እንደ መግቢያ፣ የአዊኛ የሁለተኛ ክፍል ማንበቢያ መጽሐፍ ገጾች አዘጋጅታ ባሕር ዳር ላለ ማተሚያ ቤት ሰኞ ጠዋት ማስረከብ እንዳለባት፣ ከ48ቱ ገጾች 17 እንደሚቀሯት፣ ካልደረሰች ሥራው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስረዳች። ማዘርቦርድ የሚሸጠው የእንጅባራው ሱቅ 11፡00 እንደሚዘጋም አከለች። ሰብሳቢው ጥድፊያ የግዥ ጠላት መሆኑን አስገንዝበው ወደ አጀንዳ አለፉ።

አጀንዳ 1፦ የቀደሙት ሁለት ማዘርቦርዶች ለምን ተቃጠሉ?

ጸሐፊዋ የመጀመሪያው ኅዳር 12፣ ሁለተኛው ጥር 18 መቃጠላቸውን፣ በሁለቱም ቀን የአቶ ባንተአምላክ ብየዳ ሲነሳ ኮምፒውተሩ መጥፋቱን፣ ቤቱና ብየዳው በአንድ ቆጣሪ መሆናቸውን ገለጸች። ብየዳው እስከ ሰኞ ቢቆም ማንኛውም ማዘርቦርድ እንደሚበቃት ተናገረች።

አቶ ባንተአምላክ ንግግሩ ስም ማጥፋት ነው ብለዋል። ቃላቸው፦ “አንቺ ልጅ፣ እኔ ስድስት ዓመት ስበይድ የአምፖል ፀጉር አልቆረጥኩም። ዕቃሽ ፎርጅድ ነው። ጠንካራ ብራንድ ግዢ፣ ብየዳዬን ተይልኝ።”

ወ/ሮ እናትነሽ “ታዲያ ማታ ማታ አምፖሉ የሚያንቀላፋው ማን እሹሩሩ ብሎት ነው?” ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ ብለዋል። የቤተሰብ አባልን በስም መውቀስ የኮሚቴውን መንፈስ እንደሚጎዳም አሳሰቡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የቃጠሎው መንስኤ “የብራንድ ድክመት” እንደሆነ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ እናትነሽ ተቃውመዋል።

አጀንዳ 2፦ አስተማማኝ ብራንድ ስለመምረጥ

ሱቁ ሦስት ብራንድ እንዳለው በስልክ ተረጋግጧል። ሰብሳቢው የንግድ ስም መጥራት ማስታወቂያ ስለሚሆን በካርቶናቸው ቀለም ይጠሩ ብለው አዘዙ፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር ተባሉ።

አቶ ኪዳኑ ለቀዩ መሰከሩ። “ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ከጋሪ ላይ ወደቀብኝ፤ ፈረሱም ረገጠው። ካርቶኑ ንቅንቅ አላለም” አሉ። በውስጡ ያለው ዕቃ ይሠራ እንደነበር ተጠይቀው፣ እሳቸው የሚያደርሱት ካርቶን እንጂ የውስጡን እንደማያውቁ መለሱ። ምስክርነቱ የቴክኒክ ሪፖርት ሆኖ ተመዝግቧል።

አቶ ባንተአምላክ ጥቁሩ ከሁሉ እንደሚከብድ ከሱቁ ጠይቀው መረዳታቸውን ገለጹ። “ላሜራም ሆነ ሌላ፣ ዕቃ በክብደቱ ነው” ካሉ በኋላ የጎረቤት በር ማጠፊያ ለመበየድ የአምስት ደቂቃ ፈቃድ ጠይቀው ወጡ። ወዲያው የሳሎኑ መብራት ደብዝዞ ተመለሰ፤ እንደገና ደበዘዘ። አባላቱ ወደ ጣሪያው ተመልክተዋል። ሰብሳቢው አጀንዳው መብራት ስላልሆነ ውይይቱ ይቀጥል አሉ።

ጸሐፊዋ እጇን አውጥታ፣ ያላት ፕሮሰሰር፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የሚገጥመው በሰማያዊው ላይ ብቻ እንደሆነና ሌሎቹ ሁለቱ ጥሩ ቢሆኑም እንደማይሠሩላት ተናገረች። ሰብሳቢው ተጠቃሚዋ ለራሷ የሚጠቅማትን እየመረጠች መሆኑን፣ የተፈራውም ይኸው መሆኑን አስታወሱ።

አቶ ባንተአምላክ ሲመለሱ ድምፅ ተሰጠ። ቀይ አንድ፣ ጥቁር አንድ፣ ሰማያዊ አንድ (ወ/ሮ እናትነሽ፣ “ልጅቱ ብላለች፤ ልጅቱ ታውቃለች” በማለት)። ሰብሳቢው ወገንተኝነትን ለማስወገድ የአስታራቂ ሐሳብ አቀረቡ፦ ጥቁሩ ማዘርቦርድ ይገዛ፤ በቀዩ ካርቶን ይምጣ። አቶ ባንተአምላክና አቶ ኪዳኑ ተጨባበጡ። በሦስት ድምፅ ጸደቀ። ሰዓቱ 10፡40 ነበር።

ወ/ሮ እናትነሽ ሱቁ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ እንደቀረው፣ እንጅባራ ደግሞ በሚኒባስ ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ አመለከቱ። ሰብሳቢው ውሳኔው ከሁሉ አስቀድሞ በንጹሕ ይገልበጥ አሉ። ተገለበጠ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ለምስጋና ሲዘጋጁ ኳስ ጨዋታ መጀመሩን አስታውሰው ቴሌቪዥኑን ድምፁን ዘግተው ከፈቱ። አቶ ባንተአምላክ የቀረቻቸውን አንዲት ማጠፊያ ለመጨረስ ወጡ። በ11፡20 መብራቱ ደብዝዞ በኃይል ተመለሰ፤ ቴሌቪዥኑ ጧ ብሎ ጨለመ፤ ከኋላው ጢስ ወጣ።

ሰብሳቢው ድምፅ ሳይጠይቁ ተነሥተው ወደ ግቢ ጮኹ። “ባንተአምላክ! ይህን ብየዳህን ንቀልልኝ! አሁን! ቤቴን ልታነደው ነው?” አቶ ባንተአምላክ ነቅለው ገቡና፣ “አያ ይሄይስ፣ ምናልባት የቴሌቪዥኑም ብራንድ ደካማ ይሆናል፤ በኮሚቴ ቢታይ” ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው “በቴሌቪዥኔ ላይ ኮሚቴ የለም!” ብለዋል።

በዚህም መሠረት የሚከተለው ተወሰነ። መንስኤው ብየዳው መሆኑ በግልጽ ስለታየ የአጀንዳ 1 ውሳኔ ተሽሯል። ለማዘርቦርዱ የተያዘው ገንዘብ ለቴሌቪዥኑ ጥገና ስለሚውል የአጀንዳ 2 ውሳኔም ተሽሯል። ብየዳው ቴሌቪዥኑ እስኪጠገን ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። ኮሚቴው ፈርሷል። ለእነዚህ ውሳኔዎች ውይይት አላስፈለገም፤ የወሰዱትም ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው።

ጸሐፊዋ በስብሰባው መካከል ለማተሚያ ቤቱ ደውላ ቀሪዎቹን 17 ገጾች ለሌላ ሰው እንዲሰጡ ነግራለች። ጉዳዩ በአጀንዳ ስላልተያዘ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ ሰብሳቢው አዘዋል።

ስብሰባው 11፡45 ላይ ተበተነ። አቶ ይሄይስ፣ አቶ ባንተአምላክና አቶ ኪዳኑ ፈርመዋል። ወ/ሮ እናትነሽ ብዕሩን ተቀብለው፣ ሰብሳቢው እንዳይገባ ያዘዙት አንቀጽ መግባቱን አይተው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አንብበው፣ ከዚያ አንቀጽ ሥር ብቻ ፈርመዋል።