ተጫዋች አልተገኘም

የጋሼ ቁልፍ እጅ ሥራ ላይ ነው። በመሐረባቸው ጫፍ ቴሌቪዥኑ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ካሜራ ዓይኗን ይወለውላሉ፤ እፍ ይሉባታል፤ እንደገና ይወለውላሉ። አፋቸውም አላረፈም። «አሁን ደግሞ አላየሁህም በዪኝ» ይሏታል።

ከዕቃ ጋር የሚጣላ ሰው የሌለበት ሕንጻ የለም። አንዱ አሳንሰሩን ይራገማል፤ ሌላው ከልብስ ማጠቢያው ጋር ተኳርፎ ይከርማል። የእኛ ፎቅ ግን በዚህ ታድሏል፤ ክቡር ጋሼ ቁልፍን ይዟል። የእኔ በር ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ስለሆነ ክብራቸውን በየቀኑ እሰማለሁ።

ጡረታ እስኪወጡ ታይፒስት ነበሩ። ጣታቸው ቁልፍ ሲነካ ነገር ሁሉ እንዲታዘዝ ለምዷል። ባለቤታቸው ካረፉ፣ አንድ ልጃቸውም ለሥራ ሩቅ ከተማ ከሄደች በኋላ ያቆያቸው የቪዲዮ ጌም ነው። እሑድ ከሰዓት አባትና ልጅ በየቤታቸው ቁጭ ብለው፣ በኢንተርኔት ተገናኝተው መኪና ይሽቀዳደሙ ነበር። አውራ ጣታቸው ቁልፉን ይጫናል፤ አፋቸው ስለ አለቃዋ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ እናቷ ያወራል። እኔም የምሠራውን ሹራብ ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። ወሬ ያለበት ቤት ይሞቃል።

ከዚያ ልጅቷ አዲሱን መጫወቻ ላከች። ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። ካሜራዋ ፊት ቆሞ እጅ ማወዛወዝ ብቻ ነው። ለጉልበትህም ጥሩ ነው አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ሰላም አጣ።

አንድ ነገር ለመምረጥ እጅን አየር ላይ ሰቅሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። እጃቸው ዝሎ ዝቅ ሲል ማሽኑ ያልፈለጉትን ይመርጥላቸዋል፤ ቴኒስ ልጫወት ያሉት ሰውዬ ቦክስ ውስጥ ገብተው ይደበደባሉ። አንድ ቀን እኔ ስገባ ለሰላምታ እጃቸውን ቢያነሡ ጨዋታው ተዘጋ። ሌላ ቀን ነፋስ የነካው መጋረጃ ነጥብ አገባላቸው። መጋረጃው ከእኔ ይሻላል ብለው መጋረጃውን አኮረፉት። ደረጃ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ አቁመው ያው አቤቱታ ነው፤ «ትራፊክ ፖሊስ አደረጉኝ እኮ። ለመሆኑ ቁልፍ ምን በደለ?» ስሙም የወጣላቸው ከዚህ ነው።

የባሰው ደግሞ ካሜራዋ ድንገት ትስታቸዋለች። ጨዋታው ቀጥ ይልና ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይመጣል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጆቼ ትምህርት ከጨረሱ ወዲህ ነው፤ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። እየለቀምኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ «ተ-ጫ-ዋች አል-ተ-ገ-ኘም።»

«እኔ ባለሁበት ቤት ተጫዋች ጠፋ?» አሉ ደማቸው ፈልቶ። እውነታቸውን ነው፤ በመሥሪያ ቤታቸው እሳቸው ሳይገቡ ሳቅ አይጀመርም ነበር አሉ። አሁን ይህን የሚመሰክርላቸው ሰው የለም።

ምድር ቤት የሚኖረው ኤሌክትሪሻን መብራቱን እናዙረው አለ፤ እምቢ አሉ። ከበላያችን የምትኖረው መምህርት ነጣ ያለ ሸሚዝ ይልበሱ አለች። ሰው ለዕቃ ብሎ አይለብስም አሏት። ሶፋው ወደ ኋላ ይገፋ ብንልም አሻፈረኝ አሉ። እኔም በሆዴ፣ እርጅና ከግትርነት ጋር ሲጋባ እንዲህ ነው አልኩ።

ያልገባኝ ነገር ነበር። አዲሱ መጫወቻ ከመጣ ወዲህ ወሬው ቀርቷል። ወዲህ አባት፣ ወዲያ ልጅ ያለከልካሉ እንጂ አይነጋገሩም። ሲጨርሱ ደከመኝ አባዬ፣ ደህና ዋል ትልና ትዘጋለች። ስልክ ደግሞ አይሆንላቸውም፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ካሉ ቃል ያልቅባቸዋል። እጃቸው ሲሠራ ብቻ ነው አፋቸው የሚፈታው። «ጨዋታው ጨዋታችንን በላው» አሉኝ አንድ ቀን፣ ወደ መስኮቱ ዞረው። ታዲያ ለምን አይነግሯትም ብላቸው፣ ደስ ብሏት የላከችውን እንዴት ብዬ አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ «እንግዲያው እንተወው ብትለኝስ?»

በቀጣዩ እሑድ ልጅቷ ኳሱን ልትመታ ስትል፣ ጋሼ ቁልፍ ቀስ ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡባቸው። ድንጋይ ሆኑ። ጽሑፉ መጣ፤ ጨዋታው ቆመ።

«አባዬ፣ ጠፋህ እንዴ?» አለች ከማዶ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«እኔ አለሁ፣ ይቺ ናት የማታየኝ። እስክታገኘኝ ድረስ… ምሳ በልተሻል?»

«ምን ምሳ አለ አባዬ፣ ዛሬ እኮ…» ብላ ጀመረች። ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ ስለ አዲሷ የሥራ ባልደረባዋ፣ ከዚያም ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ እናቷን በሕልሟ እንዳየቻት።

እኔ ሹራቤን አቁሜ አየኋቸው። እሳቸው በዓይናቸው ለመኑኝ። መርፌዬን አንሥቼ ቀጠልኩ። ጽሑፉ ፊታችን ላይ እንዳለ ነው፤ ተጫዋች አልተገኘም ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ የተጻፈ ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር።

አሁንም በየእሑዱ ካሜራዋን ይሰድባሉ፤ ይወለውሏታል። አንድ ቀን መሐረባቸውን ከወለል ባነሣላቸው ካሜራዋን የሚወለውሉበት ጫፉ የፀጉር ቅባት ይሸታል። ቅባቱን ወደ ውስጥ አጥፌ መለስኩላቸው። ሰዓቱ አልቆ ስክሪኑ ሲጨልም፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ተቀምጠን እንታያለን። ያን ጊዜ ቤቱ ይሰፋል። እሳቸው እጃቸውን ያሻሻሉ፤ እኔም ተነሥቼ ወደ ራሴ በር እሻገራለሁ።

እንግዲህ ልለምናችሁ። በእኛ ደረጃ ስታልፉ ሰው ከዕቃ ጋር ሲጣላ ብትሰሙ፣ አንኳኩና ግቡ፤ ቁጭ በሉ፤ ተጫወቱ። እጃችሁ ሥራ የሚያውቅ ከሆነ ግን አደራ፣ ካሜራዋን እንዳትጠግኑብን።